አለቃው በእግሩ የወጣው ዳገት

ይኸው፣ ቁልፉ ከእጄ ነው። ጥርሱ አልቆ ለስልሷል፤ መዳፌ ውስጥ ሲሞቅ ዛሬም የብረት ሽታ ይሰጠኛል። መኪናዋ ከተወገደች ስንት ዘመኗ! እኔ ግን ይህን ቁልፍ በያዝሁ ቁጥር ያ ሰውዬ በጸሐይ ዳገቱን ሲወጣ ይታየኛል። አዎ፣ ደስም ይለኛል።

ከጎንደር ወደ እስራኤል በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው። የምንኖረው ክርያት ያም በምትባል ከተማ ነበር። አባቴ በሚሠራበት ፋብሪካ አለቃው አሮጌ ነጭ መኪናውን ሸጠለት፤ ውሃ እንደምታፈስ እያወቀ። በመጀመሪያው ሳምንት አክስቴን ልንጠይቅ ዳገት ላይ ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ኔቬ ዮሴፍ ስንወጣ ዳገቱ መሐል ኮፈኗ ይጤስ ጀመር።

«ውረዱ! ሸክም አራግፉላት!» አለ አባቴ።

እናቴ ሕፃኑን አዝላ፣ እኔ ስንቁን ተሸክሜ፣ ከጎኗ በእግር ወጣን፤ መኪናዋ አባቴን ብቻ ይዛ ታዘግማለች። በቅሎ ስትደክም የሚደረገው ይኸው አይደል? ሰው በየመስኮቱ ይስቃል። ያን ጊዜ ነው አለቃው በአዲሷ መኪናው ደርሶ፣ አንገቱን አውጥቶ በዕብራይስጥ «በቅሎህ ደከመች? እስከ ፋሲካም አትደርስም!» ብሎ እየሳቀ ያለፈው።

«ምን አለኝ?» አለ አባቴ። የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርሁ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ።

«‹አይዟችሁ› ነው ያለው» አልሁት።

ከዚያ ወዲያ ሰንበት ምኩራብ ቆሜ፣ ሰው ጤናና ሰላም ሲለምን፣ እኔ የሰውዬውን መኪና ስብራት እለምን ነበር።

አባቴ በአገሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበርና መኪናዋ የምታፈስበትን በገዛ እጁ ደፈነው። ዓርብ ዓርብ ያጥባታል፤ ሰንበት ታርፋለች፤ ሳይነሣ በፊት ውሃዋንና ዘይቷን ያያል። ፋሲካ አለፈ። ሌላም ፋሲካ። አራት ሆነ። ነጯ አንድ ቀን እንኳ በገመድ አልተጎተተች።

በአራተኛው በጋ፣ እዚያው ዳገት ላይ፣ የአለቃው መኪና አፏን ከፍታ ትጤሳለች። ሚስቱ በጋዜጣ ታራግባለች።

«አባ፣ እንለፈው!» አልሁ።

አባቴ አቆመ። ከጀሪካኑ ለመኪናዋ ውሃ ሰጣት፤ አልነሣም አለች። ከኛዋ ኋላ በገመድ አሰራትና ወደኔ ዞረ።

«ንገሪው፤ ሚስቱ መሪውን ትያዝ። እሱ በእግሩ ይውጣ፤ ከባድ ነው።»

ነገርሁት። ከራሴም ጨመርሁለት፦ «በቅሎህ ደከመች? የኛዋ አራት ፋሲካ አክብራለች።»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ፣ እሺ፣ አለና መንገዱን ጀመረ። እኔም ሸክም ነኝና ወርጄ ከጎኑ ወጣሁ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ፤ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ያፏጫል። አንዲት ጊዜ እንኳ «እንረፍ» አላልሁትም። አባቴም አልቸኮለ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በረንዳ ወጥቶ እስኪያይ ቀስ ብሎ ጎተተ።

ስንመለስ አባቴ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «የኔ ነገር አጭር ነበር፤ ያንቺ ረዘመሳ?» አለኝ።

ከራሴ የጨመርሁትን እየፈራሁ ነገርሁት።

«ያኔም ‹አይዟችሁ› እንዳላለ ዐውቄያለሁ። ሳቅ አስተርጓሚ አያሻውም፣ ልጄ።» ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይስቃል! «እስቲ ድገሚልኝ!»

ቤት እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

አሁን መኪናዋም የለች፣ አባቴም የለ። አንዳንዴ ቁልፉን ጨብጬ ብቻዬን በዕብራይስጥ እለዋለሁ፦ «በቅሎህ ደከመች?» ከዚያ ጥቂት እጠብቃለሁ። ድገሚልኝ የሚለኝ የለም።