የሚጠቁር ጨርቅ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ምንይችል ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤቴ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው፤ ግን ሲቀመጥ እንደ ሽማግሌ ወገቡን ደግፎ ነው። አማኑኤል ከተማ ያለች አንዲት አስተማሪ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ወገኖች እንደ ደንቡ ዘር ሊቆጥሩ ነውና፣ «አክስቴ፣ እናትና አባቴ እንዴት እንደተለያዩ እንደሆነው አድርገሽ ንገሪኝ» አለኝ። በዓይኑ ነጭ ላይ ያለችው ጠቆር ያለች ነጥብ ከአምናው ሰፋ ብላለች። ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

ያኔ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ የሚኖሩት አምበር ነው፤ እኔ ማርቆስ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ከቤት በሚመጣልኝ ሽሮና ድርቆሽ እማራለሁ። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ደግሞ ለአንሙት ተድራ ደብረ ኤልያስ ነበረች። አንሙት ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ እህቴን እንደሚወዳት ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

በጥቅምት፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እህቴን ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። ምንይችልን አዝላለች፤ በአንድ እጇ የባቄላ እሸት፣ በሌላው የታሰረ ጨርቅ ይዛለች። ገብታ ሳትቀመጥ ጨርቁን ፈታችው። የልጁ የሽንት ጨርቆች ናቸው፤ ጥላሸት የተለቀለቁ ይመስላሉ። ሲሸና እንደማንኛውም ልጅ ነው አለችኝ፤ ጨርቁ ሲቆይ ነው የሚጠቁረው፤ በሳሙና ስታጥበው ይብስበታል። ሰው እንዳያይባት ከጓሮ እሾህ ላይ ታሰጣ ነበር። ጎረቤት ግን አየ። አንዱ ዛር ነው አለ፣ ሌላው የእናቲቱ ዘር ጥሩ አይደለም አለ። አማቷም ልጁን ማቀፍ ፈሩ።

እሸቱን ቀቅለን በላን፤ እሷ ግን ከሁለት ሦስት ፍሬ በላይ አልወረደላትም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ሽንቱ ተመረመረ፣ ንጹሕ ነው ተባለ። እህቴ ከወንበሩ አልነሳም አለች። ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር፤ ሳይቆጣ አዳመጣትና ሽንቱን በብርጭቆ አድርጎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ብርጭቆው ውስጥ ያለው እንደ ጠላ ጠቁሯል። ይታይሽ ያንን ስታይ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ሌላ ሰው ስላየላት ይመስለኛል።

ሐኪሙ ነገሩን ለእኔም ለእሷም በሚገባን ቃል አስረዳን። ከምንበላው ምግብ የሚገኝ፣ ሰውነት ሰባብሮ መጨረስ ያለበት አሲድ አለ፤ ስሙ ሆሞጀንቲሲክ ነው። የዚህ ልጅ ሰውነት መጨረስ አይችልም። የተረፈው በሽንት ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ለጊዜው አይጎዳውም፤ ሲጎለምስ ግን የዓይኑ ነጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ሊወጣ፣ ጉልበቱንና ወገቡንም ሊያመው ይችላል። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ፣ «ያንቺ ጥፋት አይደለም። ግማሹ ካንቺ፣ ግማሹ ከአባቱ ነው» አላት።

እህቴ በመንገድ ላይ ይህን ቃል ደጋግማ አስደገመችኝ። ግማሹ ከአባቱ! ከጫንቃዋ ሸክም የወረደላት ያህል ነበር። ቅዳሜ አብሬያት ደብረ ኤልያስ ወረድኩ፤ የሐኪሙን ቃል የምናገረው እኔ ነበርኩ።

የአንሙት አባት በቤተ ክህነት ያደጉ፣ ቃል የሚመረምሩ ሰው ናቸው። ጎረቤትና ዘመድ በተሰበሰበበት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሐኪሙ ከሁለቱም ነው አለ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አንድ ዓይነት ነገር ከሁለት ቤት እንዴት ይወጣል? ደሙ አንድ ካልሆነ።»

ሳይዛመዱም ይገጥማል ብሏል፣ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ አልኩ። ብዙ ጊዜ ነው ወይ አሉኝ። አልፎ አልፎ ነው አልኩ፤ የነገረኝ እንደዚያ ነበርና።

ዘር እንደገና ተቆጠረ። አባቴም ከአምበር ተጠርቶ መጣ። በአባቴ በኩል ምንም አልተገኘም። በእናቴ በኩል ግን አንዲት ቅድመ አያት አለች፤ በክፉ ቀን ከሩቅ አገር ተሰድዳ የመጣች፣ አባቷን የሚያውቅ ሰው የሌለ። ቆጠራው እሷ ላይ ቆመ። ዘመድ ናቸው ያለ የለም፤ አይደሉም ብሎ የሚምልም ጠፋ። የነፍስ አባታቸው አመነቱ። የአንሙት አባት እንባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ ካልታወቀ ፈርቶ መለያየቱ ይሻላል አሉ። ከሰባት ቤት ወዲህ ተጋብተው ከሆነ ኃጢአቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ በክፋት አልፈረዱባትም። ይታይሽ የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማ ትሰማ ነበር።

ስንሄድ አንሙት ልጁን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘን። ጤዛው ገና አልረገፈም፤ የጤፉ ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ልጁን ለእህቴ ሲያቀብል ጋቢውን አውልቆ አለበሰውና፣ «ከእንግዲህ ጨርቁን እሾህ ላይ አታስጪ። ፀሐይ ላይ አስጪው» አላት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ አገባ። እህቴ አላገባችም።

ይህን ሁሉ ለምንይችል ነገርኩት። «ታዲያ ዘመድ ነበሩ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ ዛሬም የሚያውቅ የለም። እሱ ሕመሙን ለልጅቷ ነግሯታል፤ እሷም አውቃ ተቀብላዋለች። ያልሰሙት አባቷ ናቸው።

ያን ሐኪም አንዳንድ ቀን አስበዋለሁ። እውነቱን ነው የነገረን፤ ሊያጽናናትም ብሎ ነው። በዚያው ቃል ትዳሯ እንደፈረሰ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ትናንት ይታይሽ ከአምበር ደወለች። እሑድ አማኑኤል ልትሄድ ነው፤ ለልጅቷ አባት ራሷ ልትነግራቸው ቆርጣለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚያ ነገር ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አብሬሽ ልሂድና እኔ ላስረዳቸው አልኳት።

«ነይ» አለችኝ፣ «አጠገቤ ትቀመጫለሽ። የምናገረው ግን እኔ ነኝ።»

እሺ አልኳት። እሑድ እስኪደርስ እንቅልፍ ከየት እንደማመጣ አላውቅም።