ሃያ ሃያ እያስገፋ ያስቀረኝ ሰው

በ1972 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ናዝሬት እህል በረንዳ ጆንያ እሸከማለሁ። የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ዛሬ ይጠሩሃል፣ ነገ ይመልሱሃል። በዚያ ጊዜ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ የክብደት ማንሳት ቡድን ነበረው፤ ቡድኑ ውስጥ የገባ ሰው እዚያው ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። እኔ የፈለግኩት እሱን ነው። ሜዳሊያ አላማረኝም።

ብረት የምንገፋው ጎረቤቴ ጓሮ ነው። ጋራዥ የሚሠራ፣ በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ብረት ስል እውነተኛ ብረት እንዳይመስላችሁ፤ የውሃ ቱቦ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ የሚጠለቅበት። ጣሳው ሁሉ እኩል ስለሆነ ጥንድ ሲጨመር ክብደቱ ባንዴ አሥር ኪሎ ይዘላል። ከትከሻ ወደ ላይ ለሚገፋ ሰው አሥር ኪሎ ግንብ ነው። እግር ይችለዋል፣ ትከሻ አይችለውም። እኔም ግንቡ ሥር ቀረሁ።

ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቀው፣ በያዝከው ላይ አራት ዙር ሃያ ሃያ ጊዜ ግፋ፣ ሃያው ሲቀልህ የሚቀጥለው ራሱ ይመጣል አለኝ። አመንኩት። ሃያው ቀለለኝ፣ የሚቀጥለው ግን አልመጣም። ስነግረው ሃያ አምስት አድርገው አለኝ፤ አደረግኩት። መቂ ሽንኩርት ስጭን ውዬ የመጣሁ ቀን እንኳ ሳላጓድል ገፍቻለሁ። እሱም አብሮኝ ሃያ ይገፋል። እኔ ጨርሼ ስሄድ እሱ ጓሮው ውስጥ ይቀራል።

ፋብሪካው ለቡድኑ ሰው የመረጠ ቀን ለአንድ ቦታ እኔና ጋሼ ሁለታችን ቀረን። ፋብሪካው ትክክለኛ ብረት ነበረው፣ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽዬ ክብደት ሳትቀር። እኩል እኩል ሄድን። ከዚያ ትንሿን በየጎኑ ጨመሩ። እሱ ገፋት። የኔ ግንባሬ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ታግዬ ታግዬ መለስኩት። አቅፌ እንኳን ደስ አለህ አልኩት፣ ከልቤ ነው።

አመሻሽ ላይ ብርቱካን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። እሱ አልገባም፤ እናቱ ናቸው ያሉት።

“ኮቱ፣ ና ግባ ልጄ” አሉኝ ኦሮምኛ ቀላቅለው።

ልቀመጥበት ብዬ ግድግዳው ሥር ያለውን ጆንያ ስስብ ውስጡ የከባድ መኪና ጎማ የሚታሰርበት ዳዶ ተንቃጨለ። ገልጬ ሳየው በሽቦ ታስሯል፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት።

“እሱን እንዳትበትንብኝ፣ ይቆጣል” አሉ። “አንተ ስትሄድ ነው ቱቦው ላይ የሚያንጠለጥለው። በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምርና አምስቴ ገፍቶ ያርፋል። እረፍቱ ደሞ አይጣል ነው፤ ሻይ ሁሉ ያስፈላኛል።”

ያኔ ገባኝ። ከባዱን ጥቂት ጊዜ መግፋት፣ በደንብ ማረፍ፣ ከዚያ ትንሽ መጨመር። ይኸው ነው። እኔ በሃያው የለመድኩት ድካም መቻልን ብቻ ነበር።

ሲመጣ ዳዶዎቹን እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። ትከሻህ እንዳይጎዳ ብዬ ነው አለ፤ ለጆንያ ተሸካሚ። አንተ ሥራ አለህ፣ እኔ የለኝም፣ ለምን? አልኩት። እናቱን አየ፣ መሬት አየ።

“ካለፍከኝ በኋላ ጋሼ ትለኝ ነበር?”

“እስክሞት እልህ ነበር።”

ቢደበድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብርቱካኑን ለእናቱ ሰጥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሌላ ብረት ያለበት ቤት ስለማላውቅ፣ እዚያው ሄጄ አንኳኳሁ። እናቱ ከፈቱልኝ። እሱ በረንዳው ላይ ነበር፤ ሰላም አላልኩትም። ጣሳዎቹን ጫንኩ፣ ከዳዶው ትንሹን ጥንድ አውጥቼ ጫፍና ጫፉ ላይ አሰርኩ። ልቁጠርልህ አለኝ። ራሴ በሆዴ እየቆጠርኩ አምስት ገፋሁ፤ ቱቦውን አውርጄ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና እስኪወጣልኝ አረፍኩ። ከዚያ ተነስቼ ሁለተኛውን ዙር ጀመርኩ።