ሲሚንቶ የበላው አለት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ቀበና

ድልድዩ ጋ ስደርስ ሌሊሴ ቀድማኝ ቆማለች። በሸራ የተጠቀለለ የስፖንጅ ፍራሽ አዝላለች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ስፖርቷ አለት መውጣት። ገመድ የላትም። በጣቷ ጫፍና በእግሯ አውራ ጣት ብቻ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ ትወጣለች፤ ፍራሹ ስትወድቅ የምታርፍበት ነው።

እኔ የመጣሁት ለጋዜጣ አምዴ ልጽፍላትና ስልክ ይዤ ልቀርጻት ነው። ጎረቤት አገር የአለት መውጣት ውድድር አለ። አዘጋጆቹ የሚጋብዟት አንድ ከባድ አለት ከታች ጀምራ እስክትጨርስ የሚያሳይ፣ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ እስከ ነገ ማታ ከላከችላቸው ብቻ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የታገለችው አለት እንጦጦ ጫካ ውስጥ አላት። ጣቷ ተጎድቶ ሦስት ሳምንት አርፋ ነበር፤ ዛሬ ልትጨርሰው ነው።

12፡15፣ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ

ረዳቱ ፍራሹን አይቶ የሁለት ሰው ቦታ አስከፈለን። እሱስ ይሁን። እኔን ያሳረሩኝ ከኋላችን የተቀመጡት ባለ ከረባት ሰውዬ ናቸው። ሴት ልጅ ድንጋይ ላይ ተንጠልጥላ ምን ታተርፋለች፣ ሩጫ አይሻላትም ወይ እያሉ እስክንወርድ ድረስ መከሩን። ጉድ እኮ ነው! በዚህ አገር ያልሮጠ ስፖርተኛ ሥራ ፈት ነው። አፌን ልከፍት ስል ሌሊሴ በክርኗ ነካ አደረገችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች። እሷ ለምዳዋለች። እኔ አልለመድኩም።

1 ሰዓት፣ ዳገቱ

ከሱቅ ዳቦና ሙዝ ገዝተን ሽቅብ ተያያዝነው። አስፋልቱ አለቀ፣ ኮብልስቶኑ አለቀ፣ ቀይ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀረ። ቱታ የለበሱ ሯጮች በአጠገባችን ሽው ይላሉ። እኔ በየሃምሳ እርምጃው ቆሜ አለከልካለሁ፤ እሷ ፍራሹን አዝላ ታወራለች።

የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ፣ አያት አካባቢ ባለ ጂም ውስጥ በተሠራ የመውጫ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን አፍርሰው የሠርግ አዳራሽ አደረጉት፤ ልጆቹን የጠየቀ ሰው የለም። እሷ ቤቷ በር አናት ላይ ጣውላ አስመታችና ጠዋትና ማታ በጣቶቿ እየተንጠለጠለች ቀጠለች። እናቷ ግራ ቢገባቸው የቤተ ክርስቲያናቸውን የጸሎት ቡድን ጠርተው አስጸለዩላት። ጸሎቱ አልቆ አሜን ሲባል ተመልሳ ተንጠለጠለች።

ለምን ይህን ሁሉ መከራ እንደምትቀበል ጠየቅኳት።

"ታች ሁሉም ሰው የሚነግረኝ ነገር አለው" አለች። "እዛ ላይ ስሆን ቀጥሎ እጄን የት እንደማደርግ ብቻ ነው የማስበው።"

2 ሰዓት ተኩል፣ አለቱ

ሌሊሴ ፍራሹን አወረደች። ቀረብ ብላ አለቱን በመዳፏ ዳሰሰችው።

ስንጥቁ ሁሉ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ጣቷ የሚገባበት እያንዳንዱ ቀዳዳ ተሞልቶ፣ በግንበኛ ማንኪያ ተልጎ፣ ከላዩ ደግሞ ከተማው ሁሉ የተቀባውን ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። ኧረ በሕግ! እግዚአብሔር የሠራው ድንጋይ ይለሰናል?

ደሜ ፈላ። ጥበቃው ኦቦ ደበላ ከጎጆአቸው ወጡ። ይህ ዳገት ድሮ የገብስ ማሳቸው ነበር፤ ዛሬ ጫካውን ይጠብቁበታል። ሰላምታም ሳልሰጥ ጮህኩባቸው። የማን ሥራ ነው፣ የትኛው ብልህ ነው ያዘዘው፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አልኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነው አሉኝ። ሰዎች በመኪና መጥተው በሁለት ቀን ሠርተውት ሄዱ። እሳቸውም ውኃ አቀብለዋቸዋል። ስንጥቁ ተፈልቅቆ ልጅቷን እንዳይጫናት ይሰጉ ስለነበር ደስ ብሏቸው ነበር።

ከካፖርታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ጋዜጣ አወጡ። ርዕሱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልን፤ "አደጋ ያንዣበበበት አለት።" ከርዕሱ ጎን የጸሐፊው ፎቶግራፍ አለ። የእኔ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለፈው ወር በጓደኛዬ መኪና በላይኛው መንገድ ሳልፍ አለት ላይ የተንጠለጠለ ልጅ በመስኮት አይቼ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ጽፌ ነበር። መጨረሻው ላይ "የሚመለከተው አካል አፋጣኝ እርምጃ ይውሰድ" ብያለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ መንገድ ጉድጓድ፣ ስለ ፈነዳ ቧንቧ፣ ስለ ጠፋ መብራት ይህችኑ ጽፌያለሁ፤ አንድም ቀን የሰማኝ የለም። በዚህኛው ግን ሰሙኝ።

ሌሊሴ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

"መኪና ውስጥ ሆነው ነው ያዩኝ?"

"አዎ።"

"ወርደው ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር።"

እሷ አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

4 ሰዓት፣ እዚያው

ኦቦ ደበላ መዶሻና መሮ ይዘው መጡ። ከለከለቻቸው። ሲሚንቶው ሲወጣ ድንጋዩን ይዞት ይወጣል፤ በመሮ የተቆፈረ ቀዳዳ ደግሞ በውድድሩ ደንብ ማጭበርበር ነው። ሳይፈልጡት ሞከረችው። ቀለሙ ያንሸራትታል። አራቴ ወጣች፣ አራቴ ፍራሹ ላይ ወደቀች። በአራተኛው ጣቷ ደማ። ስልኩን ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ።

ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሽማግሌው አጠገቧ ቁጢጥ ብለው በኦሮምኛ ያናግሯት ጀመር። እሷም በኦሮምኛ መለሰች፤ የቤቷ ቋንቋ ነው። ስለ አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀቻቸው፤ በእጃቸው ቁመት አሳዩዋት። ፊቷ ፈካ። እኔ ዕድሜዬን እዚህ ከተማ ፈጅቼ ቋንቋውን አላውቅም፤ እነሱም እንዳይገባኝ ነበር የሚነጋገሩት።

ሌላ አለት አለ ማለት ነው? ብዬ ጠየቅኳት።

"አለ። ነገ እሳቸው ይቀርጹኛል" አለች። "ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ አይምጡ።"

ፍራሹን ኦቦ ደበላ ተሸከሙላት። ወደ ጫካው ገቡ። እኔ ቁልቁል ወረድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ከማንም ጋር አልተጣላሁም።

እሑድ ማታ፣ ቤቴ

አንድ ሰዓት ሲል ቪዲዮው በስልኬ ገባ። ለአዘጋጆቹ ልካዋለች፤ ከሥሩ "ደርሷል" ብቻ ብላኛለች። ሽማግሌው "ጃባዱ፣ ጃባዱ" ሲሉ ይሰማል። በርቺ ማለት እንደሆነ እንኳን አውቃለሁ። በፕላስተር የተጠቀለለ ጣቷን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ አንድ ጊዜ እግሯ ያመልጣታል፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥታ ቆመች። ከኋላዋ ሰማይ ብቻ ነው። አጥር፣ ዛፍ፣ የቤት ጣሪያ ይታይ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ ደግሜ ፈለግኩ። ቦታው እንዳይታወቅ ታስቦበት የተቀረጸ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስልክለት የጋዜጣዬ አዘጋጅ ደወለ። አዲሱ አለት የት አካባቢ እንደሆነ ግልጽ አይደለም፣ አንባቢ ይፈልጋል፣ ጨምርበት አለኝ። አላውቅም አልኩት። እንኳን አላወቅኩ።