ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ዕለት

ሽማግሌ ሲላክ ያየ ሰው ሞልቷል። በስልክ ሲላክ ያየ ግን ከእኛ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ ካለነው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ሰዎች በቀር ያለ አይመስልም። ላኪው ኪራኮስ ነበር፤ የተላከባት ደግሞ የገዛ ሚስቱ ውቢት፣ ኖርዌይ ውስጥ ተራራና ውሃ መካከል በተሸጎጠች አንዲት ትንሽ የገጠር ወረዳ የምትኖር። በመካከላቸው አንድ ሙሉ ውቅያኖስ ስለተኛ ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ሊሄዱ አልቻሉም።

ኪራኮስ ጎንደር የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በፈረንጆቹ 1982 በሱዳን በኩል ሲወጣ ውቢት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ያንን የእግር መንገድ ልትከተለው አልቻለችም። አሜሪካ ተቀበለችው። ይህን ውለታ ባነሳ ቁጥር ድምፁ ይቀየራል፤ «ማንም በማያውቀኝ ሰዓት በሯን የከፈተችልኝ አገር ናት» ይላል፣ አሁንም ድረስ። ያኔ ቀን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ መኪና ማቆሚያ ቲኬት ይቆርጥ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይገባል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነው፤ ይኼኛውን ግን ተቀምጦ ጋዜጣ ስለሚያነብበት ሥራ ብሎ አይቆጥረውም ነበር።

ውቢትና ልጁ ሔራን ሱዳን የደረሱት ሔራን አምስት ዓመት ሲሆናት ነው። የእሱ ወረቀት ሲንፏቀቅ የኖርዌይ ዕድል ቀደመ። ልጅቷን ወባ እየደጋገመ ይጥላት ስለነበር፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ሂጂ ብሎ የጻፈላት ራሱ ኪራኮስ ነው። ለጊዜው ነው ተባባሉ። ጊዜው አምስት ዓመት ሆነ።

በመካከሉ አንድ ጊዜ፣ የአሜሪካ ዜግነቱን እንዳገኘ፣ ለአስር ቀን ሄዶ አይቷቸዋል። ሲመለስ ጓደኛው መርዕድ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ባለታክሲ፣ አገሩ እንዴት ነው ቢለው «ውሻው እንኳ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚጮኸው» አለው። አንድ ማዘጋጃ ቤት፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ባንክ፣ የቀረው በግና ዝምታ። ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ እያለ አንድ ክረምት ሙሉ አሳቀን። ያልነገረን ነገር ግን ነበር። ሔራን እሱ ወደተቀመጠበት ክፍል በገባች ቁጥር በር ታንኳኳ ነበር። አስሩንም ቀን አንኳኩታ ነው የገባችው።

በ1994 በጋ ላይ የእናትና ልጅ የአሜሪካ ቪዛ ተፈቀደ። ኪራኮስ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራየ፤ ለሔራን አልጋ ገዛ፤ እንዳይቆሽሽ ብሎ የፍራሹን ላስቲክ አልገፈፈውም። መኪና ማቆሚያው ጋ የሚያልፈውን ሐበሻ ሁሉ እያስቆመ «አፕሩቭ ሆነ እኮ» ይል ነበር፤ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ጡሩንባውን እስኪነፋበት ድረስ።

በሁለተኛው ሳምንት የውቢት ደብዳቤ መጣ። አራት ገጽ ነው፤ ሦስቱ ሰላምታና ምስጋና። በአራተኛው ገጽ፣ ሔራን እዚህ ሥር ሰዳለች፤ እኔም የአረጋውያን ቤት ሥራዬን ወድጄዋለሁ፤ እኛ ከምንመጣ አንተ ብትመጣስ ብላ ጠየቀችው።

ኪራኮስ ሆድ ባሰው። ቀጥሎ ተናደደ። አሜሪካን ትቶ፣ በግ ወደሚበዛበት አገር፣ ሚስቱ ዘንድ ተጠቅልሎ የሚገባ ወንድ ማን አለ? ሰው ምን ይለዋል? ግን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሌላ ሐሳብ ይመጣበት ነበር፤ እሱም እምቢ፣ እሷም እምቢ ካለች ይህ ትዳር በደብዳቤ እንደተያዘ በደብዳቤ ያልቃል። ያን ሲያስብ ይፈራል። በመጨረሻ ያሰበውን ያህል አስቦ ሽማግሌ መረጠ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው አቶ ሙላቱ፣ አገር ቤት የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ፎልስ ቸርች ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቆሙ። ሁለተኛው መርዕድ ነው። ሦስተኛዋ እትዬ እንግዳወርቅ ናቸው። አገር ቤት ቢሆን ሴት ሽማግሌ ትሁን አትሁን ብዙ ያከራክር ነበር፤ እዚህ ግን ድምፁን ለሁሉም የሚያሰማ ስልክ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ማንም አልተከራከረም።

እሁድ ቀትር ላይ አሌክሳንድሪያ እሳቸው ቤት ተሰበሰቡ። ኪራኮስ ከዘበኝነቱ ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ እሁድ ዕረፍት ሲወስድ በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። አቶ ሙላቱ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ገቡ። መርዕድ፣ በስልክ እኮ አታይዎትም ብሎ ቢቀልድባቸው፣ እኔ ራሴን አየዋለሁ አሉት። ከዚያ ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ስልኩ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሌሎቹም ቆሙ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ውቅያኖስ መካከል ስለገባ ይህ አይለወጥም።

ውቢት ስልኩን አነሳች። ሰላምታው ረዘመ። ሽማግሌ መሆናቸውን ሲነግሯት «ቆመው ነው አይደል? ይቀመጡ እንጂ አቶ ሙላቱ። ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ኪራኮስ ጽፎልኛል» አለች።

«ቆመናል ልጄ። እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ አቶ ሙላቱ።

ከዚያ ዳኝነታቸው መጣባቸው። አሜሪካ ዘመድ እንዳለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ እንደሆነ፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለሔራን በመኪና የሃያ ደቂቃ መንገድ እንደሆነ፣ ባሏ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያርፍ የሠራው ለማን እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘሩላት። እትዬ እንግዳወርቅ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ኪራኮስ ጥግ ላይ ቆሞ በዚህስ ትረታለች ብሎ አሰበ። ውቢት ሁሉንም በጥሞና ሰማች፤ አንዱንም አልካደችም። የባሏን ልፋት እንደምታውቅ፣ በየቀኑም እንደምታመሰግነው ተናገረች። ቀጥላ፣ ሔራን ከጎኗ ሆና ስትሰማ እንደቆየችና አንድ ነገር መጠየቅ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

የልጅቷ አማርኛ ጥርት ያለ ነው፤ ብቻ ቃላቱን ብርጭቆ እንደምታስቀምጥ ቀስ ብላ ነው የምታወጣቸው።

«እኛ ከመጣን፣ አባዬ ስንት ሰዓት ነው ቤት የሚገባው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሙላቱ ወደ ኪራኮስ ዞረው በእጃቸው ወደ ስልኩ ጠሩት።

«ማታ ነው የምገባው» አለ ኪራኮስ፤ «አንቺ ከተኛሽ በኋላ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ሥራ አለኝ።»

«እሁድስ?»

ያ ቀን ራሱ እሁድ ነበር፤ ኪራኮስ ሥራ ላይ ያልነበረው እሷን ለማስመጣት ሽማግሌ ልኮ ስለነበር ነው። ሔራን፣ ቅሬታም ሳይኖርባት፣ እንዲሁ ለመንገር ያህል «እማዬ ዘጠኝ ተኩል ላይ ትገባለች» አለች።

አቶ ሙላቱ የገፉትን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወንበሩ ሲንቋቋ ውቢት ሰማች መሰለኝ «ተቀመጡ?» አለች።

«ተቀመጥኩ ልጄ» አሏት። ከዚያ ቀና ብለው ኪራኮስን አዩት። «የላክኸን አንተ ነህ፤ ሽማግሌ ግን የላኪው ብቻ አይደለም። ሂድ። እነሱን ከቤታቸው አታስነሳ።»

መርዕድም ተቀመጠ። እትዬ እንግዳወርቅም ተቀመጡ። ቆሞ የቀረው ኪራኮስ ብቻ ነበር።

አኮረፈ እንጂ! አቶ ሙላቱን ለሦስት ሳምንት ሰላም አላላቸውም። ከሳሽ ሆኜ ገብቼ ተከሳሽ አድርገው አወጡኝ እያለ ለመርዕድ ያማርር ነበር። አንድ ቀን ግን በሁለቱ ሥራዎቹ መሐል ባገኛት ሰዓት ቤት ብቅ አለና የሔራን አልጋ ላይ ጋደም አለ። ላስቲኩ ከሥሩ ተንጫጫ። ልጁ እዚህ አልጋ ላይ ብትተኛ እሱ የሚያያት ተኝታ ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባው። ኖርዌይ ሆና በር እያንኳኳች ትገባበት ነበር፤ እዚህ ግን ለማንኳኳትም አታገኘውም። ተነስቶ ፊቱን ታጠበና አቶ ሙላቱ ጋ ደወለ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ ብዙም አላወራ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ ነው ያለው። አቶ ሙላቱ ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም።

ሥራውን ሲለቅ የመኪና ማቆሚያው አለቃ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ የማያውቅ ሠራተኛ ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ኪራኮስ እሷን ደብዳቤ ዛሬም በፕላስቲክ ይዟታል። አልጋውን በዕጣ ቪዛ አዲስ ለመጡ ባልና ሚስት ሰጠው፤ ላስቲኩን ግን በገዛ እጁ ገፎ ነው። በ1995 መጋቢት ላይ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኘው ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ብዛት ከልክ አልፎ፣ ግማሹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትተን አሳለፍነው። አቀፈንና አለቀሰ። ከሱዳን ያወጣችው አገር ልጁ ዘንድም ስላደረሰችው አመሰገነ። እኛም አለቀስን፤ አንዳንዶቻችን ቀንተንም ነበር።

ስለዚያ አገር ከዚያ በኋላ ቀልዱን ቀነሰ። ገና በሄደ ሳምንቱ ጎረቤቱ ያሉ አሮጊት ምንም ሳይናገሩ አንድ እቅፍ ፍልጥ እንጨት በሩ ላይ አስቀምጠውለት ሄዱ። አንድ ዓመት ቋንቋ ተማረ፤ ከዚያ የወረዳው ማዘጋጃ ቤት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወንበርና መስኮት የሚጠግን፣ በረዶ የሚጠርግ አድርጎ ቀጠረው። መምህር የነበረ ሰው መሆኑን አንድ ቀን ነገራቸው፤ ከዚያ ወዲህ የዓለም ካርታ ሲሰቀል እሱን ይጠሩታል። ዝምታው ጆሮውን ያምመው እንደሆነ መርዕድ ቢጠይቀው፣ ለመድኩት፣ እንዲያውም ሰው ሲመጣ ከሩቅ ያሰማኛል አለው።

በ1997 መስከረም፣ አቶ ሙላቱ ከሥራ ባረፉበት ቀን ጠዋት፣ ለአዲስ ዓመት እንኳን አደረሰህ ሊሉት ደወሉ። ኪራኮስ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አሉት።

«ከቀኑ አስር ሰዓት።»

«ሥራ የለህም እንዴ?»

«ጨርሼ ገብቻለሁ። ቤት ነኝ» አለ ኪራኮስ።

ኪራኮስ በስልኩ ውስጥ አቶ ሙላቱ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሰማ። ይህን ጊዜ የሳሎኑ በር ተበረገደ፤ ማንም አላንኳኳም። ሔራን ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ «አባዬ፣ ራበኝ» አለችና በአጠገቡ አልፋ ወደ ኩሽና ገባች። ኪራኮስ አቶ ሙላቱን ይቅርታ ጠይቆ ስልኩን ዘጋ፤ ድስቱንም ሊጥድ ተነሳ።