የጉኑኖው የጥላ ሰዓት

ደርግ በወደቀ ሰሞን ጉኑኖ ውስጥ ሳይንስ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሲቆምብን፣ "የጥንት ሰዎች በጥላ ሰዓት ይለዩ አልነበር? እኛስ ምን ያንሰናል?" አልኩና ዘበኛችን አቶ አንጁሎ ቀጥ ያለ እንጨት ቆርጠው እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ግቢው መሃል ተከልነው፤ ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረግን።

አቤት ያ እንጨት! በጋውን ሙሉ ደወል የምንደውለው በእሱ ነበር፤ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ርዕሰ መምህሩ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየኮሩ ያሳዩት ነበር።

ክረምቱን ሶዶ ከርሜ በመስከረም ስመለስ እንጨቱ ቅርንጫፍ አውጥቶ ድንጋዮቹን በሙሉ በጥላው ሸፍኗቸዋል። ለካ የተቆረጠልኝ ለአጥር የሚተከለው እርጥብ ቆርች ኖሯል!

አቶ አንጁሎ ከሥሩ ብድግ ብለው እጄን ጨበጡኝ።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ቲቸር! ሰዓትህ ጸደቀ።"