የተበየደ አይመለስም

የፍሪጅ ኮምፕሬሰር እንደ ጫማ ለክተው አይገዙትም። ሱቅ ውስጥ መብራት ቢሰጡት ይዞራል፣ ድምፁም ደህና ነው። ጉዱ የሚታየው ፍሪጁ ላይ ተበይዶ፣ ጋዝ ተሞልቶ፣ ጭነት ሲገባበት ነው። ሻጮቹ ደግሞ አንድ ሕግ አላቸው። ግድግዳ ላይ ባይለጥፉትም እኛ ጠጋኞች በቃል እናውቀዋለን፤ የተበየደ አይመለስም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሳይበየድ መበላሸቱ አይታወቅም፣ ከተበየደ ደግሞ አይመለስም። ይህን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ምሳ እጋብዘው ነበር፤ እንዲህ ያለ ጭንቅላት በየቀኑ አይገኝም።

ድሮ ሱቄ ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃዬን ጭኜ ወደ ቄራ መንገድ ወረድኩ። ደንበኞቼ አንዱ አያት፣ አንዱ የካ፣ ሌላው የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። ከነሱ ውስጥ ጠይቀው አጠያይቀው ያገኙኝ አንዲት እርጎ ሻጭ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ስልሳን ካለፉ ቆይተዋል፣ ካዛንቺስ እያለን አጥራችን አንድ ነበር። አሁን ቡልጋሪያ አካባቢ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል በር ላይ እርጎና ወተት ይሸጣሉ። ሀብታቸው ያ አንድ ፍሪጅ ነው።

ረመዳን ሊገባ ሲል ፍሪጁ ቀጥ አለ። ሴትየዋ እንደሚሉት ዓመቱን የሚኖሩት በዚያ በአንድ ወር ነው፤ ለማፍጠሪያ እርጎ የማይፈልግ ቤት የለም። ሄጄ ሳየው ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል። በኛ ሙያ መለዋወጫውን የሚገዛው ጠጋኙ ነው፤ ደንበኛን አስከትሎ ዕቃ ቤት መሄድ ነውር ቢጤ ነው። እውነቱን ለመናገር ባለሱቆቹ ለባለሙያ ብለው የሚቀንሷት ነገር አለች፣ እሷን ደንበኛ ፊት መቀበል አይመችም። እናም ብቻዬን ለገሃር አካባቢ ካለ የዓመታት ደንበኛዬ ሱቅ ሄጄ፣ በስሜ ደረሰኝ አስቆርጬ ገዛሁና ገጠምኩላቸው። ፍሪጁ በረዶ ሠራ። መርቀው ሸኙኝ።

ሳምንት ሳይሞላው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እርጎው ሞቀ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሄጄ ብሰካው ይነሳል፣ ያንገራግራል፣ ጠቅ ብሎ ይጠፋል። የብየዳዬን መጋጠሚያ ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፣ ጋዙን ለካሁ፣ አንድም እንከን የለውም። ኮምፕሬሰሩን ነቅዬ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወደ ለገሃር በረርኩ።

«ባለሙያ፣ በይደኸዋል» አለኝ ባለሱቁ፣ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳላስቀምጠው።

«ሳልበይደው በጸሎት ነው የሚሠራው?»

«በእሳት አቃጥለኸውስ ቢሆን? ጋዝ አብዝተህበትስ ቢሆን? እኔ በምን አውቃለሁ?»

እኔ ደግሞ ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ ሚስቴም ትመሰክራለች። ያልተናገርኩት የለም። በሱቁ ያለ ገዢ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ «በዚህ እንጣላለን እንዴ ወንድሜ? ሌላ ውሰድ፣ ጥሩ ዋጋ አደርግልሃለሁ» አለኝ። በገዛ እዳው ላይ ለኔ ቅናሽ ሲሰጠኝ ደሜ ፈላ። ትቼው ወጣሁ።

በንዴት እንደጋልኩ የንግድ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ ሄድኩ። የሸማቾች መብት የሚባል ነገር እንዳለ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ፣ እግዜር ይስጣት፣ እስክጨርስ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ደረሰኙን ጠየቀችኝ፣ አየችው፣ መለሰችልኝ።

«እርስዎ ሸማች አይደሉም» አለችኝ። «ለሥራዎ የገዙ ነጋዴ ነዎት። የእርስዎ ጉዳይ በሽያጭ ውል ስለሚታይ ፍርድ ቤት ነው። ሸማች ማለት መልሳ ልትሸጠው ሳይሆን ለራሷ የገዛችው የፍሪጁ ባለቤት ናት። ለሷ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ጉድለት ካለበት በጊዜው አመልክታ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ትችላለች። አይመለስም የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍም ያንን መብት አይነካባትም።»

«ደግ፣ እሳቸው ሻጩን ይክሰሱት።»

«የሷ ሻጭማ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ሌላውን ላስይዝበት የመጣሁት ሕግ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ ቁጭ ብሏል። ደግሞ የሚገርመው፣ ነገሩ ትክክል ነበር። ሴትየዋ ባለሱቁን አያውቁትም፤ ያመኑት እኔን ነው። ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ አንድ መንገድ ነገረችኝ። እሳቸው በኔ ላይ ካመለከቱ እኔ እጠራለሁ፤ እኔም ከማን እንደገዛሁ ስናገር ባለሱቁም ይጠራል። ሦስታችንን አንድ ላይ አስቀምጣ ታነጋግረናለች።

ወደ ሴትየዋ ሄጄ «ይክሰሱኝ» አልኳቸው።

«ምን አልክ?» አሉ። «ጎረቤቴን ከስሼ በምን ዐይኔ አየዋለሁ?»

ነገሩን ደጋግሜ አስረዳኋቸው። ረመዳን መግባቱ ነው፣ ሌላ ፍሪጅ የላቸውም፣ ፍርድ ቤት ብሄድ እስኪወሰን ወሩ ያልፋል። በመጨረሻ ደስ ሳይላቸው ሻርፓቸውን ለበሱ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር ይባላል። እኛን ማንም ሳይቋጥረን በአንድ ታክሲ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሒሳብ ልከፍል እጄን ስዘረጋ ከሳሼ እጄን ያዙኝ፤ «ወላሂ አትከፍልም፣ ለኔ ጉዳይ አይደል የምትንከራተተው» አሉ። ተከሳሹም እንቢ አለ። ረዳቱ እስኪሰለቸው ታገልን፣ እሳቸው አሸነፉ።

ቢሮ ገብተን ልጅቷ ወረቀት አዘጋጅታ፣ «እናቴ፣ እስቲ በደልዎን ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«እኔ በዚህ ሰው ላይ ምን በደል አለኝ?» ብለው ጀመሩ። በድንጋጤ ቀና አልኩ። «ባለቤቴ የሞቱ ለት ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው። ክርስቲያን ነው፣ ግን ከኛ ልጆች እኩል ቀብር ቆሟል። ካዛንቺስ ሳለን መብራቴ በጠፋ ቁጥር እሱን ነበር የምጠራው።»

«ፍሪጁ ግን ተበላሽቷል፣ አይደል?»

«አዎ፣ ተበላሽቷል።»

«የጠገነው እሱ ነው?»

«እሱ ነው፣ እጁ ይባረክ።»

በዐይኔ ብጠቅሳቸው፣ ብስል፣ ወንበሬን ባንቀሳቅስ፣ ወይ ፍንክች። ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ ማንን ነው የሚከሱት?» ብትላቸው፣ «ማንንም አልከስም። እሱ እንሂድ ስላለኝ ነው የመጣሁት» አሉ። ልጅቷ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ጠየቀች። አቤቱታ ከሌለ ማንንም መጥራት እንደማትችል ነገረችን።

ደረጃውን ስንወርድ ተቆጥቼ ነበር፤ አልደብቅም። በምስጋና ብዛት ገደል ከተቱኝ ብዬ ውስጤ ሲንጨረጨር እግሬ ፈጠነ፣ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ዞሬ ሳይ መደገፊያውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ የማውቀው ሰው ሁሉ ተበትኗል» አሉኝ። «አሁን ባለሁበት ሰፈር ብሞት ስሜን የሚያውቅ የለም። ከካዛንቺስ የቀረኸኝ አንተ ነህ። በዳዬ ነው ብለው ጽፈውብህ እንዴት እፈርምበታለሁ? እርጎው ይቅርብኝ።»

ተመልሼ ክንዳቸውን ይዤ ቀስ ብለን ወረድን። ቁጣዬ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ሰው ሲወደኝ ደስ ይለኛል፣ ፍሪጁ ግን በፍቅር አይቀዘቅዝም። ደግሞ እሳቸውን ልወቅስ ስል ራሴን አሰብኩት። ባለሱቁን ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ እያልኩ ስፎክር ውዬ፣ ማታ ከሚስቴ ጋር ስናወራ «ነገ ከማን ልገዛ ነው?» ብዬ ያነሳሁት እኔው ነኝ። መብቱ ወረቀት ላይ አለ፣ እናውቀዋለን። ሰው ግን የሚኖረው ከሰው ጋር ነው፣ ወረቀቱን ከማውጣታችን በፊት ፊት ለፊታችን ያለውን ሰው እናያለን። ይህ ደግነት ይሁን ፍርሃት እስከዛሬ ለይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ለቤት ኪራይ ካስቀመጥኩት ላይ አንስቼ ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ሌሎቹም ከሱ አይሻሉም። ባለሱቁ የተጣላን አይመስልም፤ በፈገግታ ከፊት ካለው መደርደሪያ ሳጥን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ፣ ደረሰኙን አወጣ።

«በስምህ ነው አይደል?»

«አይደለም» አልኩና የሴትየዋን ስም ከነአያታቸው ነገርኩት።

«ማን ናት ደግሞ ይቺ?»

«የፍሪጁ ባለቤት ናቸው። ለራሳቸው ነው የሚገዙት፣ ሸማች ናቸው። ቢበላሽ የሚመጡብህ እሳቸው ናቸው፤ ለሳቸው ተበይዷል ማለት አይሠራም።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። «ቢሮ ምናምን የሚሄዱ ዓይነት ናቸው?» አለኝ።

«ትናንት እንኳ ሄደው ነበር» አልኩት። ውሸት የለበትም።

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳጥን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ፣ ሌላ ይዞ ወጣ። ሥዕሉም ጽሑፉም ከበፊተኛው ሳጥን ጋር አንድ ነው። «ይሄኛው ይሻላል» አለኝ ዐይኔን ሳያይ። ከሱ ሱቅ ዕቃ ስገዛ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ከጓዳ ወጥቶ ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።