እሳት የሚጠይቀኝ ሰው

ይህ የሆነው ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ሥራ ቦታዬ ያለው የኋላ በር ጋ በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ብቻዬን እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ቆይቷል። ዳውንታውን ዴንቨር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ለመኪኖች በር የምከፍትባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በማንበብ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት በቁጣ ነው፤ አልክድም። ሲጋራ የያዘ ጎረምሳ ካየሁ አስቁሜ እመክራለሁ፤ ምክሬን ስጨርስ ዞር ብዬ ራሴ አጨስ ነበር።

ልጄ ሜሮን እዚያው አቅራቢያ፣ ሴንቴኒያል ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ፣ ጃኬቴን በር ላይ ተቀብላ የቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሰቀለችው። እጄን ታጠብኩ። ሕፃኗን ልቀበል ክንዴን ስዘረጋ ሜሮን ወደ ኋላ አለች።

"ዳዲ፣ ሶሪ። ሸሚዝህም ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ስታቆም ትይዛታለህ፣ ኦኬ?"

ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። የልጅ ልጄን በሩቁ አይቻት ተመለስኩ።

በአንድ ጊዜ ማቆም ሞክሬ አቅቶኝ ስለነበር፣ በማግስቱ ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ግድግዳው በቀለም አብዷል፤ የልጆች መጫወቻ መደብር ይመስላል። ሻጩ አንዱን አንሥቶ ሰጠኝ። ማሸጊያው ላይ ክሬም የተቀባ ኬክ ተሥሏል።

"ወተት አለበት?" አልኩት በእንግሊዝኛ።

"አለርጂ አለብህ?"

"የለብኝም። ጾም ላይ ነኝ።"

ግራ ገብቶት ወደ ጓዳ ተጣራ። አንዲት ሀበሻ ሴት ወጣች። ነገሩን ሲነግራት ሳቋን ለመደበቅ አፏን በእጇ ያዘች።

"አባቴ፣ ወተት የለውም" አለችኝ። "ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሲጋራውንስ ከቅዳሴ በኋላ ነበር የሚያጨሱት?"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። ያን ሁሉ ዘመን ከቅቤና ከወተት ስጠነቀቅ ጭሱን ከጾሜ ጋር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

"ለማን ብለው ነው የሚያቆሙት?"

"ለልጅ ልጄ።"

ሳቋን ተወች። ኬኩን መለሰችና ሥዕል የሌለበት፣ ጥቁር፣ የትምባሆ ጣዕም ያለው አወጣችልኝ።

"ጣፋጩን ከለመዱት ከአፍዎ አይነጥሉትም። ይሄ ሲጋራውን ያስረሳዎት፤ ቀስ እያሉ ይሄንንም ይተዉታል። ሕፃን ፊት ግን እሱም አይሆንም። ቤታቸው ይዘውት አይግቡ።"

ሰኞ ይዤው ሥራ ገባሁ። የኋላው በር ጋ አጫሾች እንሰበሰባለን፤ ጥበቃዎች፣ ጽዳቶች፣ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኞች። አንድ ሽማግሌ የሜክሲኮ ሰው ሁልጊዜ ላይተሩን ረስቶ ይመጣል። "እሳት?" ይለኛል። ስለኩስለት ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኛል። ያን ቀን ሲጠይቀኝ ቬፑን አሳየሁት። "ጎበዝ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ ሌላ ሰው ሄደ። በማግስቱም ወደዚያው ሰው ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ለመኪና በር ከመክፈት ሌላ፣ ከሰው ጋር የማወራው ያችኑ የጉልበቱን ወሬ ብቻ እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሴንቴኒያል ሄድኩ። ሜሮን ልክ እንደ እናቷ አንገቴ ሥር አሸተተችኝ። "ኦኬ፣ ተቀመጥ" ብላ ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስተኛችልኝ። ሲጋራ ያበለዘውን ጣቴን ጨብጣ እንቅልፍ ወሰዳት። እስክትነቃ አልተንቀሳቀስኩም።

አሁን ቬፑንም እየቀነስኩ ነው። ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ ምክሬ አጭር ነው፤ አትጀምሩት። የኬኩ ሥዕልም አያታልላችሁ።

ላይተር ግን ኪሴ ውስጥ አለ። ያቆመ ሰው ላይተር ምን ያደርግለታል ትሉኝ ይሆናል። በእረፍት ሰዓት ጭሱ ልብሴን እንዳይነካኝ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ የኋላው በር ጋ እቆማለሁ። ሽማግሌው ኪሱን መዳበስ ሲጀምር ቀድሜ እለኩስለታለሁ። ከዚያ ጉልበቱ እንዴት እንዳደረ ይነግረኛል።